ፕሌይስቴሽን 5 ለመርሳ፦ አሁን ወይስ ቆይቶ?

ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ኑሮ ውድነትም አልጽፍም። እሺ፣ ኑሮ ውድነቱን ትንሽ እነካካዋለሁ። ዋናው ወሬዬ ግን ስለ ጌም ነው።

«ቲቸር ደግሞ ጌም ጀመሩ እንዴ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልጀመርኩም። ግን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ መርሳ ላይ ፕሌይስቴሽን ቤት አለው። ሁለት ፒኤስ 3፣ አንድ ፒኤስ 4፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ መጋረጃ፤ በቃ ይኸው ነው። ሕጉ ከጆተኒ ዘመን የተወረሰ ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል።

ይህ ልጅ ሰሞኑን በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ሪያድ ያለችው እህቴ በሰው እጅ ፒኤስ 5 ልትልክልኝ ነው። ከከተማው የመጀመሪያው እኔ ልሁን ወይስ ልታገስ?»

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። የሀብሩ ልጅ ሥራ ሲያጣ የሚያስበውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በአፋር፣ በጅቡቲ፣ በባሕር። ይህን ልጅ እዚህ ያቆየችው ያቺ ጠባብ ክፍል ናት። ገንዘቡ ደግሞ የእህቱ ላብ ነው። 550 ዶላር በሳዑዲ ገንዘብ 2,062 ሪያል ይሆናል፤ ለእሷ ከአንድ ወር ደሞዝ በላይ ነው። ስለዚህ ሒሳብ አስተማሪ እንደመሆኔ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት።

መጀመሪያ «አዲስ» የሚለውን ቃል እንፈትሸው። ፒኤስ 5 አሜሪካና ጃፓን ገበያ ላይ የዋለው ኅዳር 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ የሰሜኑ ጦርነት በጀመረ በሳምንቱ ገደማ። ክረምቱ ላይ ጦርነቱ ሀብሩ ገባ፣ መብራትም ስልክም ለወራት ጠፋ። ዓለም ማሽኑን ለማግኘት ወረፋ ሲጋፋ እኛ ሌላ ነገር ላይ ነበርን። ለዓለም ያረጀው ዕቃ ለመርሳ አዲስ የሆነው ለዚህ ነው።

ይህ ግን አንድ ጥቅም አለው። አዲስ ማሽን ገና እንደወጣ የሚገዛ ሰው የፋብሪካውንም ስህተት አብሮ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኤክስቦክስ 360 ሲወጣ የቸኮሉት ምን እንዳገኛቸው ጌመሮች ያስታውሱታል፤ ማሽኑ ቀይ መብራት እያበራ ይሞት ነበር። ማይክሮሶፍት በ2007 ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት አራዘመ፤ ለዚህም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው። ፒኤስ 5 ግን ያንን ዕድሜ አልፏል። ዛሬ የሚገዛው ሰው የሚፈራው ፋብሪካውን ሳይሆን የራሱን ከተማ ነው፤ መብራቱን፣ ጠጋኙን፣ መለዋወጫውን።

«ቆይ፣ ይረክሳል» የሚለው ምክርስ? ድሮ ልክ ነበር። ፒኤስ 3 እ.ኤ.አ. በ2006 ትልቁ ሞዴል 599 ዶላር ነበር፤ በ2009 በ299 ዶላር ይገኝ ጀመር። ፒኤስ 4 በ2013 በ399 ወጥቶ በ2016 ወደ 299 ወረደ። ፒኤስ 5 ግን ተገልብጧል። በ2020 ባለ ሲዲው 499 ዶላር ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ በነሐሴ 2025 ወደ 549 ከፍ አለ። አምስት ዓመት የታገሰ ሰው 50 ዶላር ጨመረ ማለት ነው።

በኛ በኩል ሲታይ ደግሞ ይብሳል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ያው 500 ዶላር ከ28,500 ብር ተነስቶ ከ50,000 በላይ ሆነ። ማሽኑ አልተቀየረም፣ ብሩ ነው የተቀየረው። ስለዚህ ልጁን «ዋጋው እስኪወርድ ጠብቅ» ብዬ ልመክረው አልችልም። መጠበቅ ካለበት ሌላ ምክንያት ያስፈልገዋል።

ምክንያቱ ያለው ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ልጆች ጋ ነው። ምን ይጫወታሉ? ኳስ። ጠዋትም ኳስ፣ ማታም ኳስ። የኳሱ ጌም ደግሞ፣ ፊፋ የሚለውን ስሙን እ.ኤ.አ. በ2023 ጥሎ ኤፍሲ ቢባልም፣ ለፒኤስ 4 መምጣቱን አላቆመም። ኤፍሲ 26 እንኳ ለ2013ቱ ማሽን ወጥቷል። አዲሱ ማሽን ሣሩን ያሳምረዋል፣ የተጫዋቹን ላብ ያሳያል። ግን የጎረቤቱን ልጅ 3 ለ 0 ለሚያሸንፍ ሰው ደስታው ሣሩ ላይ አይደለም።

ከዚያ የተደበቁ ወጪዎች ይመጣሉ። የፒኤስ 4 ጆይስቲክ ፒኤስ 5 ላይ የሚሠራው ለፒኤስ 4 ጌሞች ብቻ ነው። ለአዲሶቹ የራሱ ጆይስቲክ ያስፈልጋል፤ የአንዱ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2020 70 ዶላር ገደማ ነበር፤ የተሸነፈ ልጅ ጆይስቲክ እንዴት እንደሚጥል ታውቃላችሁ። ፒኤስ 3 ላይ ጌም ከሰው ተገልብጦ ይጫናል፤ እዚህ ላይ ግን ኦሪጅናል ሲዲ በየዓመቱ መግዛት ሊመጣ ነው። ሲዲ የማይቀበለው ሞዴል በርካሽ ዋጋው አታሎ ቢመጣ ደግሞ አንዱን ጌም ለማውረድ በአስር የሚቆጠር ጊጋባይት ይጠይቃል፤ በኛ ኔትወርክ! መብራት ድንገት ድርግም ሲልም ማሽኑ ሲነሳ ማጠራቀሚያውን ልፈትሽ ይላል፤ ያለ ስታብላይዘርና ያለ ባትሪ ማሠራት ገንዘብን መንገድ ላይ እንደማስቀመጥ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፣ እናንተ በራሳችሁ ተኩት። ማሽኑ፣ ጆይስቲኩ፣ ሲዲው፣ ባትሪው ተደምሮ 110,000 ብር ይሁን። የፒኤስ 3 ጨዋታ 10 ብር፣ የፒኤስ 5 ጨዋታ 20 ብር፣ በቀን 30 ጨዋታ እንበል። ብዙ ሰው 110,000ን ለ20 ያካፍልና 5,500 ጨዋታ፣ ማለትም 183 ቀን ይላል። መብራት በወር 20 ቀን ካለ 9 ወር ገደማ።

ይሄ ግን የሚሠራው የሚመጡት ልጆች ሁሉ አዲስ ከሆኑ ነው። የድሮዎቹ ደንበኞች ከፒኤስ 3 ተነስተው ፒኤስ 5 ላይ ከተቀመጡ ትርፉ 10 ብር ብቻ ነው፤ ሌላው 10 ብር ድሮም ይመጣ ነበር። ያኔ 11,000 ጨዋታ፣ 367 ቀን፣ አንድ ዓመት ተኩል ይፈጃል። በዚያ መሀል ሌላ ሰው ሁለተኛውን ፒኤስ 5 ይዞ ቢመጣ «የመጀመሪያው» መባሉ አበቃ። ስለዚህ ጥያቄው ማሽኑ ጥሩ ነው ወይ አይደለም። አዲስ ሰው ያመጣል ወይስ የድሮውን ሰው ወንበር ብቻ ይቀይራል?

ይህን ለማወቅ ደግሞ ምንም መግዛት አያስፈልግም። ልጁን እንዲህ አልኩት፦ «ሁለቱም ዓይነት ማሽን አንድ ክፍል ውስጥ አለህ። ፒኤስ 3ው ባዶ ሆኖ ለፒኤስ 4 ወረፋ የሚጠብቅ ስንት እንደሆነ ለሁለት ሳምንት ደብተር ላይ ጻፍ። ለተሻለ ምስል የማይጠብቅ ሰው ለተሻለ ምስል እጥፍ አይከፍልም።»

ጻፈ። ቅዳሜና እሁድ ይጠብቃሉ፤ በሌላው ቀን ክፍት ያገኙት ላይ ይቀመጣሉ። በሳምንት ሁለት ቀን የሚሠራ ወረፋ ፒኤስ 5 አያስገዛም፤ ሁለተኛ ያገለገለ ፒኤስ 4 ግን ያስገዛል። ያሉት ጆይስቲኮችና ጌሞች ለእሱም ይሆናሉ።

እህቱ መጀመሪያ ቅር አላት። ስጦታ ነው፣ ወንድሟ በከተማው አንደኛ እንዲባል ፈልጋ ነበር። እሱም ደፍሮ በስልክ ሒሳቡን አንድ በአንድ አስረዳት። «አብሽር፣ አንተ ካልክ» አለችው፤ የተረፈውን ብር በራሷ ስም እንድታስቀምጥ ተስማሙ። እኔን ደስ ያለኝ እዚህ ላይ ነው። እዚያ የሚለፋ ሰው ገንዘቡ እዚህ ሲታሰብበት ማየት አለበት።

ለቤቱ፣ ለልጆቹ የሚገዛ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ደስታ በ10 ብር አይካፈልም። አቅሙ ካለው ይግዛ፣ ግን ባለ ሲዲውን ይግዛ። ለሥራ የሚገዛ ግን ከማሽኑ በፊት ደብተር ይግዛ።

ወልድያ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ፒኤስ 5 አስገብታችሁ የምትሠሩ ካላችሁ እስኪ በኮሜንት ንገሩን፦ አዲስ ሰው መጣላችሁ ወይስ ወንበር ብቻ ነው የተቀያየረው?