ውኃው ያጠበበው ቧንቧ

«እንደምን ሰነበትሽ?» ስንባል «ጌታ ይመስገን» እንላለን። መልካም መልስ ነው። አብያተ ክርስቲያናት በታሸጉበት በደርግ ዘመን እናቶቻችን ይህንኑ እያሉ አልፈዋል፤ ያሉትም ከልባቸው ነበር። ዛሬ ግን ባሏ ካኮረፋት ሦስት ሳምንት የሆናት እኅትም፣ ልጇ ትምህርቱን የተወባት እናትም፣ የቤት ኪራይ የጎደለበት ሽማግሌም በቤተ ክርስቲያን በር ላይ በዚሁ ቃል ተሰነባብተው ይለያያሉ። ለሰው እንዲህ መመለሳችን ብዙም አያስገርመኝም፤ ሁሉም ነገር ለሁሉም አይነገርም። የሚያስፈራኝ ይህንኑ መልስ ተንበርክከን ለእግዚአብሔር መስጠት ስንጀምር ነው።

ጌታ በራእይ ምዕራፍ 3 በር ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ የምናየው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ክፍሉን ለወንጌል ምስክርነት ደጋግመን ስለምንጠቀምበት፣ በመጀመሪያ የተጻፈው ለሚዘምሩና ለሚጸልዩ ሰዎች መሆኑን እንዘነጋለን። ሎዶቅያ በዛሬዋ ቱርክ፣ ዴኒዝሊ ከተባለችው ከተማ አጠገብ የነበረች ሀብታም ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ60 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያፈርሳት ከሮም መንግሥት እርዳታ ሳትቀበል በራሷ ሀብት እንደ ተነሣች ታሲተስ የተባለው ሮማዊ የታሪክ ጸሐፊ መዝግቧል። «ምንም አልጎደለብኝም» ማለት የከተማዋ ኩራት ነበር፤ ምእመናኑም ይህን የአገር ጠባይ ይዘው ወደ ጸሎት ቤት የገቡ ይመስላል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስማር ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን የውኃ ቧንቧቸው ነው። ሎዶቅያ ውኃዋን ከከተማው ውጭ ካለ ምንጭ በቧንቧ ታመጣ ነበር። ከፍርስራሿ የተገኙት ቧንቧዎች ውስጣቸው በወፍራም ኖራ ተሸፍኗል። ድሬዳዋ የኖራችሁ ምን ለማለት እንደ ፈለግሁ ገብቷችኋል፤ የማንቆርቆሪያችሁን ሆድ አይታችሁታልና። ቧንቧውን ያጠበበው ጭቃ ወይም ጠላት የወረወረው ድንጋይ አይደለም፤ በየቀኑ ያለፈበት ውኃ ራሱ ነው። በእኛም ላይ ስብከቱ፣ ዝማሬው፣ የአዳር ጸሎቱ፣ የሴቶች ኅብረቱ ያልፋል። በየጊዜው «ይህንንማ አውቀዋለሁ» የምትል ስስ ነገር ጥላ ትሄዳለች። ከጌታ ቤት ርቆ ከሄደ ሰው ይልቅ ከቤቱ ወጥተን የማናውቅ እኛ ለዚህ ቅርብ ነን፤ የአገልጋይ ቤተሰብ ደግሞ የበለጠ።

ታዲያ ኖራው በምን ይሰበራል? እናቴ በጌታ ያረፈች ሰሞን የመጡት ሁሉ «አታልቅሺ፤ የፓስተር ሚስት ነሽ፤ እሷ እኮ ጌታ ጋ ናት» ይሉኝ ነበር። ጌታ ጋ መሆኗን አልተጠራጠርሁም፤ እኔ ጋ አለመኖሯ ነው የጎዳኝ። አንድ ሌሊት ወጥ ቤት ተቀምጬ መዝሙር 88ን አነበብሁ። ከመዝሙራት ብዙዎቹ በልቅሶ ጀምረው በምስጋና ያበቃሉ፤ ይህ ግን ጨለማ ውስጥ እንዳለ ያልቃል። ርእሱ የቆሬ ልጆች መዝሙር መሆኑን ያመለክታል፤ በጉባኤ ፊት ይዘመር ነበር ማለት ነው። (የዛሬ ኳየሮቻችን ቢሞክሩት ፕሮግራም መሪው ማይክራፎኑን ሳይቀማቸው አይቀርም።) እኔም በዚያ ሌሊት ምንም ሳላሳምር «ጌታ ሆይ፣ ከፍቶኛል፤ ለምን እንዲህ ቸኮልህ?» አልሁት። ባለቤቴ ድምፄን ሰምቶ መጣ። አልሰበከልኝም፤ በርጩማ ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። መልስ አላገኘሁም፤ ነገር ግን ያን ሌሊት ከማን ጋር እየተነጋገርሁ እንደ ነበር አልተጠራጠርሁም።

ሐናም እንዲሁ ናት (1ሳሙ. 1)። በዓመት በዓል፣ ሰው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ሲደሰት፣ እሷ ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰች። ካህኑ እንኳ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። ልቧ የተከፈተ ሰው አንዳንዴ ለአገልጋዮችም እንግዳ ነው።

ይህን ለባለትዳሮች የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። ሐዋርያው ጴጥሮስ ባሎችን ሚስቶቻቸውን እንዲያከብሩ ሲመክር፣ ጸሎታቸው እንዳይከለከል ይላል (1ጴጥ. 3፥7)። ወደ ትዳር ጓደኛችን የምንዘጋው በርና ወደ እግዚአብሔር የምንዘጋው በር ሁለት እንዳልሆነ ከዚህ እረዳለሁ። ማታ ማታ አብረው የሚጸልዩ፣ ግን ቀኑን ሙሉ «ልጆቹ በሉ?» ከማለት በቀር የማይነጋገሩ ስንት ቤቶች አሉ! አንዲት እኅት እንዲያውም «ባሌ የሚያስጨንቀውን የምሰማው ሲጸልይ ነው፤ እሱም በጥቅሱ መካከል አድብቼ ነው» አለችኝ። ሳቅን፤ ከዚያም አለቀሰች።

የእነርሱን ነገር ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው የማነሣው። እኔና ባለቤቴ አብረን ካነጋገርናቸው በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅናቸው፦ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ከጸሎት በፊት፣ አሥር ደቂቃ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ እያንዳንዳችሁ የዛሬን አንድ እውነት ተናገሩ፤ ሌላው አይመልስ፣ ጥቅስም አይጥቀስ፤ ከዚያ ያንኑ ነገር በዚያው ቋንቋ ለጌታ ንገሩት። የመጀመሪያው ሳምንት ዝምታ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ባልየው ከሥራ ሊቀነስ ይችል እንደ ነበርና ለአራት ወር ብቻውን እንደ ተሸከመው ተናገረ። እሷ ንዴቱ በእሷ ላይ ይመስላት ነበር። ያን ሌሊት የጸለዩት ጸሎት ሁለት ዐረፍተ ነገር እንደማይሞላ ነግራኛለች።

በቅርቡ ሳገኛት «እንዴት ናችሁ?» አልኋት። «ጌታ ይመስገን» ልትል ጀመረችና ተወችው። «ሥራው ገና አልለየለትም፤ አሥር ደቂቃው ግን ግማሽ ሰዓት ሆኗል፤ ሻዩ እየቀዘቀዘ አስቸገረን» አለችኝ።