ለእኔ ያልተጻፈ ደብዳቤ

የፊልም ተዋንያን በእጃቸው የጻፏቸውን ደብዳቤዎች እንደምሰበስብ የሰሙ ወዳጆች ሁሌ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ፊርማቸው አይበቃህም?»

አይበቃኝም። የድሮዎቹ የሆሊውድ ኮከቦች ለአድናቂ ይልኩት የነበረው ፎቶ ላይ ያለው ፊርማ ብዙውን ጊዜ የራሳቸው አይደለም። ስቱዲዮዎቹ ለዚሁ ሥራ ጸሐፊዎች ቀጥረው ነበር። በ1937 እ.ኤ.አ. ገና በ26 ዓመቷ የሞተችው ጂን ሃርሎው ደግሞ አብዛኛውን ፎቶዋን የምትፈርምላት እናቷ ነበረች። በኋላ የሚፈርም ማሽን መጣ። ማሽኑን መያዝ እንኳ ቀላል ነው፤ ሁለት ፊርማ አነባብራችሁ ብርሃን ላይ ስታዩአቸው ልክክ ካሉ ሰው አልፈረማቸውም። ደብዳቤ ግን ሌላ ነው። አንድ ገጽ ሙሉ ሲጻፍ እጅ ይደክማል፣ መስመሩ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ቃል ይሰረዛል። ሰውየው እዚያ አለ።

ዋጋው ነው የሚገርመው። ጆአን ክራውፎርድ ዕድሜዋን ሙሉ ለአድናቂዎቿ ስትመልስ የኖረች ሴት ናት፤ በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ስለላከች ዛሬ ደብዳቤዋ ርካሽ ነው። ግሬታ ጋርቦ ደግሞ ፊርማ መስጠት አትወድም ነበር፤ ስለዚህ ከእጇ የወጣች ብጣሽ ወረቀት ዋጋዋ አይቀመስም። መላሿ ረከሰች፣ ዝምተኛዋ ተወደደች።

ጋርቦን ካነሳሁ አይቀር፦ ደራሲዋ መርሴዲስ ዴ አኮስታ ከጋርቦ የደረሷትን ደብዳቤዎች ፊላደልፊያ ላለው ሮዘንባክ ሙዚየም ስታስረክብ፣ ጋርቦ ከሞተች 10 ዓመት እስኪሞላት ድረስ እንዳይከፈቱ ተባለ። ጋርቦ በ1990 ሞተች። በ2000 ሲከፈቱ ዓለም ሁሉ የፍቅር ምስጢር ሊያነብ አሰፍስፎ ነበር። የተጠበቀው ማስረጃ አልተገኘም። ብዙ ሰው አዘነ። እኔ በልቤ «እሰይ!» አልኩ።

እንዲህ እላለሁ እንጂ የእኔም እጅ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። አሁን ጨረታ ላይ የወጣ አንድ ደብዳቤ አለ። ተዋናዩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ስሙን ግን አልጠራም። ሆስፒታል ተኝቶ ለወንድሙ የጻፈው ነው፦ መታመሜን ለእናታችን እንዳትነግራት ይላል። ከሀገር ርቆ የኖረ ሐበሻ ይህን ደብዳቤ ማንም ሳያነብለት ያውቀዋል። ሻጩ ታዲያ ዋጋውን የቆለለው በዚያች አንዲት መስመር ምክንያት ነው፤ «እጅግ ግላዊ» ብሎ በደማቁ ጽፎባታል።

በአሜሪካ ሕግ ወረቀቱ የገዢው ነው፤ ቃላቱን የማሳተም መብት ግን የጸሐፊው ወራሾች ነው። ግድግዳ ላይ ብሰቅለው የሚከለክለኝ የለም። ጓደኛዬ «ሙት አያፍርም፣ ግዛው» ይለኛል። ሙቱስ ላያፍር ይችላል፤ ሳሎኔ ውስጥ እንግዳ ቡና እየጠጣ የሰው እናት ምስጢር ሲያነብ የማየው ግን እኔ ነኝ። ባልገዛው ደግሞ ሌላው ገዝቶ ፎቶውን በየስልኩ ይበትነዋል። ይሄም ሰበብ መሆኑ አይጠፋኝም፤ ሰብሳቢ ሰበብ አያጣም።

ለማንኛውም ዋጋ አስገብቻለሁ። ሐሙስ ማታ ይዘጋል። ካሸነፍኩ «ፎቶውን እዚህ ልቀቅልን» እንዳትሉኝ።