ከአሳላፊው መዳፍ እስከ ጋዜጣ መጠቅለያ

አምስት ስድስት ወዳጆች ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ አንድ ጠርሙስ ወይን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣል፤ በጋዜጣው ላይ ቁጥር ይጻፋል፤ ጠረጴዛው ላይ ዳቦ፣ ውሃና ማንም የማይጠቀምበት የመትፊያ ጎድጓዳ ሳህን ይደረደራል። ከዚያ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ያሽከረክራል፣ አፍንጫውን ይሰድዳል፣ ግንባሩን ይቋጥራል፣ ዳኝነት የተሾመ ይመስል ዝም ይላል። ለዚህ ሥርዓት ብዙ ጊዜ የሚቆጠርለት የዘር ሐረግ አጭር ነው፦ የፈረንሳይ መኳንንት ፈጠሩት፣ ሀብታም ወረሰው፣ ፊልም አስፋፋው፣ የቀረነው ቀዳነው። እንዲህ መቁጠር ለሥርዓቱ የማይገባውን ክብር ይሰጠዋል። ወደ ኋላ ለሄደበት ሰው ቅምሻ የሚጀምረው ከቅንጦት ሳይሆን ከጥርጣሬ፣ ያውም ከሞት ፍርሃት ነው። የጋዜጣው መጠቅለያም ከፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ይልቅ ለዚያ ለጥንቱ ፍርሃት ይቀርባል ብዬ እከራከራለሁ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ዜኖፎን ስለ ታላቁ ቂሮስ አስተዳደግ በጻፈው መጽሐፍ የሜዶን ንጉሥ የአስትያጊስ ጠጅ አሳላፊ እንዴት እንደሚያገለግል ይተርካል። አሳላፊው ጽዋውን ከመስጠቱ በፊት በጭልፋ ጥቂት ይቀዳል፣ በግራ መዳፉ ላይ ያፈስሳል፣ ይጠጣል፤ መርዝ ጨምሮበት ከሆነ ራሱም አይተርፍም። ልጁ ቂሮስ ለአያቱ ላሳልፍ ብሎ ሲነሣ ይህችን ቅምሻ ይዘልላታል። ለምን ሲባል ፈርቶ ነው፤ በአያቱ የልደት ግብዣ ላይ ሽማግሎቹ ሁሉ ከጠጡ በኋላ አእምሯቸውም እግራቸውም ሲከዳቸው አይቶ መርዝ ተሰጥቷቸዋል ብሎ ደምድሟል። መጽሐፉ ለታሪክ ሳይሆን ለልብ ወለድ ይቀርባል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ዜኖፎን ግን ለፋርሱ ልዑል በቅጥረኛ ወታደርነት የዘመተ ሰው ስለሆነ ስለ መዳፉ ሥርዓት የሚያወራውን ለመጣል ምክንያት የለኝም። በፋርሱ ንጉሥ በአርጤክስስ ፊት ጠጅ አሳላፊ የነበረው ነህምያም ያን ያህል የታመነው ብርሌ ሳይሰብር ስለሚያሳልፍ ብቻ አይመስለኝም። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ እስከ ፋርስ መሄድም አያስፈልግም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ያዩ የአውሮፓ ተጓዦች በመኳንንቱ ግብር ላይ አሳላፊው ጠጁን ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ እንደሚቀምስ ጽፈዋል። በሁለቱ መካከል ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አለ፤ መዳፉ ግን ያው መዳፍ ነው።

መርዙ እየራቀ ሲሄድ በቦታው የገባው ማጭበርበር ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ፕሊኒ ባለጠጎች እንኳ ያልተነካካ ወይን ማግኘት እንዳቃታቸው አማርሯል። የቡርጎኝ ነጋዴዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ታስትቬን የሚባለው ዝርግ የብር ጽዋም የተሠራው ለዚሁ ጉዳይ ነው፤ በጨለማ ምድር ቤት፣ በሻማ ብርሃን፣ ከበርሜል የተቀዳው ወይን ይጥራ ይደፍርስ እንዲታይ ውስጡ ብርሃን በሚያንጸባርቁ ጉብታዎች ተሞልቷል። ጽዋውን ይዞ የሚወርደው ሰው ሊደሰት አልነበረም የሚወርደው፤ እንዳይሸወድ ነበር። በቀይና በወርቃማ ካባ ተውበው ይህንኑ ጽዋ አንገታቸው ላይ አድርገው የሚታዩት የታስትቬን ባላባቶች ከመካከለኛው ዘመን የመጡ ይመስላሉ፤ ማኅበራቸው ግን በኑዊ ሳን ዦርዥ የተቋቋመው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1934 ነው። ዓለም በኢኮኖሚ ቀውስ ተይዞ ወይን ገዢ ሲያጣ፣ ምድር ቤት የተከማቸውን ለመሸጥ የታሰበ ብልሃት ነበር። ካባው ከብዙዎቻችን አያቶች በዕድሜ ያንሳል ማለት ነው።

ከዚያ ምላስ ሥራውን በላብራቶሪ ተነጠቀ። በ1985 አንዳንድ የኦስትሪያ አምራቾች ወይናቸው ጣፋጭና ወፍራም እንዲመስል ዳይኤትሊን ግላይኮል የተባለ ኬሚካል ይጨምሩበት እንደነበር ሲጋለጥ፣ ማስረጃውን ያቀረበው የኬሚስት ምርመራ ነበር። ምላስማ ተታሎ ጣፋጭ ነው ብሎ አሳልፎት ነበር። ለቀማሹ የቀረው ጥቃቅን አገልግሎት ነው፦ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጁ ጥቂት ቀድቶ የሚጠብቀው ቡሹ ወይኑን አበላሽቶት እንደሆነ፣ ማለትም እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን ይል እንደሆነ እንዲነገረው ነው። ብዙው ደንበኛ ግን የጣዕም ፈተና የቀረበለት መስሎት በትልቅ ሐሳብ ተውጦ ራሱን ይነቀንቃል። ሥራ የፈታ ባለሙያ ሥራውን ወደ ጨዋታ ይለውጠዋል፤ ቅምሻም ወደ ሳሎን የገባው እንዲህ ነው።

ታዲያ መርዙም ማጭበርበሩም ለሌላ ባለሥልጣን ከተተወ በጋዜጣ የምንጠቀልለው ምኑን ተጠራጥረን ነው? ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ነው። በ1855 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የቦርዶ ቀይ ወይኖች በአምስት ደረጃ ሲከፈሉ፣ ዝርዝሩን ያወጡት የከተማዋ የወይን ደላሎች ነበሩ። ለዚያ ተብሎ የተደረገ ቅምሻ አልነበረም፤ ደላሎቹ የተመለከቱት እያንዳንዱ ወይን በገበያ ሲያወጣ የኖረውን ዋጋ ነው። ያ የዋጋ ዝርዝር ዛሬም ይሠራል፤ የሚታወሰው ትልቅ ለውጥ ሙቶን ሮትሺልድ በ1973 ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ መውጣቱ ነው። ሰው ያን ወረቀት አይቶ ብርጭቆውን ሲያነሣ የሚቀምሰው በከፊል የ1855ን ደላላ ሒሳብ ነው። ወረቀቱን የሚሸፍን ሰው የሚያደርገው አሳላፊው በመዳፉ ያደረገውን ነው፦ ሳይቀመስ የተላለፈን ነገር አልቀበልም ይላል።

ሽፋኑ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከሁሉ በላይ የታየው ሜይ 24 ቀን 1976 ፓሪስ ውስጥ ነው፤ እሱም ከሰዓት በኋላ መሆኑ ደስ ይለኛል። በፓሪስ የወይን ሱቅና የወይን ትምህርት ቤት የነበረው እንግሊዛዊው ስቲቨን ስፐሪየር ከባልደረባው ከፓትሪሺያ ጋላገር ጋር ሆኖ የአሜሪካ ነፃነት 200ኛ ዓመትን ሰበብ አድርጎ የካሊፎርኒያን ወይኖች ከቡርጎኝና ከቦርዶ ታላላቆች ጋር ማንነታቸውን ሰውሮ አቀረበ። ውጤታቸው የተቆጠረው ዘጠኙ ዳኞች ሁሉም ፈረንሳውያን ናቸው። ከነጮቹ የ1973ቱ ሻቶ ሞንተሊና፣ ከቀዮቹ የ1973ቱ ስታግስ ሊፕ አንደኛ ወጡ፤ ሁለቱም ከካሊፎርኒያ። በቦታው የተገኘው ብቸኛ ጋዜጠኛ፣ የታይም መጽሔቱ ጆርጅ ቴበር፣ አንዱ ዳኛ የካሊፎርኒያን ነጭ ወይን ቀምሶ ወደ ፈረንሳይ በመመለሱ ሐሴት ሲያደርግ ሰማ። ዳኛዋ ኦዴት ካን፣ የታወቀ የፈረንሳይ የወይን መጽሔት አዘጋጅ፣ ውጤቱን እንደሰሙ ነጥብ የሰጡበት ወረቀት እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ ስፐሪየር አልመለሰም። እኔ በእኚህ ሴት አልስቅም። የሙያቸው ክብር የቆመው ምላሳቸው ላይ ነው፤ ምላሳቸው ደግሞ እማኝ ባለበት ከዳቸው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ከባድ ነው፦ ባለሙያ እንዲህ ከሆነ ቅምሻ ራሱ ማስመሰል ነው ማለት ነዋ። ማስረጃም ሞልቷል። በ2001 በታተመ የቦርዶ ጥናት 54 የወይን ጥናት ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም የቀላ ነጭ ወይን ቀርቦላቸው ለቀይ ወይን በሚሰጡ ቃላት ገለጹት። በካሊፎርኒያ ስቴት ፌር ውድድር ሮበርት ሆጅሰን ለዳኞች ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳውን ወይን ሳይነግር ሦስት ሦስት ጊዜ አቀረበላቸው፤ በ2008 ባሳተመው ውጤት ለአንዱ ወይን ተመሳሳይ የሜዳሊያ ደረጃ ደጋግመው የሰጡት ከአሥር አንድ ገደማ ነበሩ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አንዱ ወይን 10 ዶላር ነው ሲባልና 90 ዶላር ነው ሲባል የቀማሹ ደስታ እንደሚለያይ፣ በአንጎል ምስል ላይም ልዩነቱ እንደሚታይ አሳየ። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ፤ መደምደሚያውን ግን አልቀበልም። ጥናቶቹ ያረጋገጡት ዓይንና ዋጋ አፍንጫን እንደሚያሳስቱ ነው፤ መድኃኒቱም መሸፈን ነው እንጂ መቅመስን መተው አይደለም። ደግሞ ምላስ ጨርሶ አይሠለጥንም ማለት ስህተት ነው። በለንደን በ1953 በተጀመረው የማስተር ኦፍ ዋይን ፈተና በመጀመሪያው ዙር 21 ሰዎች ተቀምጠው ያለፉት 6 ናቸው፤ ዛሬም ተፈታኙ ማንነታቸው የተሰወረ 36 ወይኖችን ቀምሶ ከየት እንደመጡና ከምን ወይን እንደተጠመቁ በጽሑፍ ይከራከራል። አብዛኛው ሰው ይወድቃል፤ ግን የሚያልፍ አለ። ማስመሰል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ያልፍ ነበር።

የቃላቱ ነገር ላይ ግን ተቃዋሚው ግማሽ እውነት አለው። በ1984 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የነበሩት አን ኖብል የወይን መዓዛዎችን በክብ ሰንጠረዥ ሲያወጡ ዓላማቸው እንደ «ግርማ ያለው» ያለውን ባዶ ውዳሴ በሚሸተት ነገር መተካት ነበር፤ ከታጨደ ሣር እስከ እርጥብ ሱፍና ናፍጣ ድረስ አስገብተዋል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሰንጠረዡ ግን የሚያገለግለው በዚያ አገር ጓዳ ላደገ አፍንጫ ነው። ብላክከረንት በልቶ የማያውቅ ሰው ወይኑ ብላክከረንት ይላል ሲል የሚቀምሰው የሰማውን ነው። የጠላ ጋን በምን እንደሚታጠን የሚያውቅ አፍንጫ የወይራ ጭስን፣ ጥንጁትን፣ ኮሰረትን ይለያል፤ በዝዋይ ዳር የበቀለ ሲራ የተባለው ወይን ከእነዚህ አንዱን ከሸተተው ያንኑ ይበል። ቅምሻ ለኢትዮጵያዊ ባዕድ ነው የሚለውም ከንቱ ነው፤ የቡና ቀማሾቻችን በማንኪያ ጮክ አድርገው እየሳቡ፣ እየተፉ፣ ነጥብ እየሰጡ ሲሠሩ ኖረዋል። አገሪቱ ምርጧን ቡና ለዓለም የምትሸጠው በእነሱ ምላስ ነው።

ቀይ ወይንን ከኮካ ጋር የሚቀላቅለውንም ወዳጅ ከጠረጴዛው አናባርር። የጥንት ግሪኮች በግብዣቸው ላይ ወይንን ያለ ውሃ መጠጣት የአረመኔ ሥራ ነው ይሉ ነበር፤ ስንት እጅ ውሃ እንደሚገባ የሚወስን የግብዣ አለቃም ይመርጡ ነበር። ዛሬ ጉደርን በኮካ የሚበርዝ ሰው ሲታይ የሚሸማቀቀው ፈረንጅ ቀመስ ወዳጃችን፣ በአቴና ግብዣ ቢገኝ አረመኔው እሱ ነበር። ኮካው መዓዛውን ስለሚሸፍን ለዚያች የመጀመሪያ ጉንጭ ብቻ ይታገሥ፣ ከዚያ እንደፈቀደው። (የወይን ነጋዴዎች የሚቀምሱት አፍ ገና ንጹህ ሳለ፣ ጠዋት ነው፤ ከምሳ በኋላ የተሰበሰበ ጉባኤ ይህን ያህል ጥብቅ ለመሆን መብት የለውም።)

የመጨረሻው ተቃውሞ የቤት ነው። ወዳጅ ያመጣውን መጠራጠር፣ ያውም ቁጥር ሰጥቶ ማበላለጥ፣ ነውር አይደለምን? ባለቤቱ «በሞቴ» እያለ የሚያጎርስበት አገር ላይ የቀረበን ነገር ቀምሶ መትፋትማ ስድብ ነው፤ ሳህኑም ደርቆ የሚውለው ለዚህ ነው። ሒሳቡም ያግዛል፦ ለስድስት ሰው ከእያንዳንዱ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 50፣ 50 ሚሊ ሊትር ቢቀዳ ከስድስት ጠርሙስ 2 ሊትር ከ700 ይተርፋል፤ እሱን የሚጠጣ ሰው መኖር አለበት። ነውሩ ግን ለእኔ አይታየኝም። በቤተ መንግሥት የአሳላፊው ቅምሻ ጌታና ሎሌን የሚለይ ነበር፤ የሚሞተው አንዱ ብቻ ነው። በምድር ቤቱም ገዢና ሻጭ አሉ። በጋዜጣው ዙሪያ ግን ሁሉም አምጥቷል፣ ሁሉም ይቀምሳል፣ ሁሉም ሊያፍር ይችላል፤ በጣም ውዱን ገዝቶ የመጣው ወዳጅ የራሱን ጠርሙስ መጨረሻ ላይ አስቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ አንዱ ይስቅበታል፣ ሌላው ሰበብ ይፈልግለታል፣ እሱም ብርጭቆው ሳሙና ሳሙና ይል ነበር ብሎ ይከራከራል። ነጥቡን የጻፈው ናፕኪን ላይ ስለሆነ፣ እንደ ኦዴት ካን ወረቀቴ ይመለስልኝ ማለት አያስፈልገውም፤ ወጥ ጠርጎበት ይጥለዋል።