የንግግር ትምህርትና የአድማጭ ጆሮ

ንግግር ለሰው ልጅ ከተሰጡት ስጦታዎች ሁሉ የላቀ መሆኑን የማይመሰክር የለም። ዳሩ ግን አፍ ያለው ሁሉ ይናገራልና ለንግግር ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል የሚለው ሰው ብዙ ነው። እኛም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ጨርሰን በመንግሥት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ከቈየን በኋላ፥ ዕድሜያችን ከሠላሳ አልፎ፥ የቅዳሜና የእሑድ የኮሌጅ ተማሪ ሆነናል። ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ስለ ሰው ልጅ መግባባትና በሕዝብ ፊት ስለ መናገር መሆኑን የሰሙ የሥራ ባልደረቦቻችን፥ «ለመናገርም ገንዘብ ይከፈላል?» እያሉ ቀልደውብናል። ቀልዱ ባያስቀይመንም ጥያቄው መልስ የሚገባው ነውና፥ ከትምህርቱ ያገኘነውን በአጭሩ ለአንባቢ ለማካፈል ወደድን።

አስቀድሞ የምንኖርበትን አገር ማስተዋወቅ ይገባናል። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፥ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፥ በቦርከና ወንዝ ሸለቆ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በአማራ ክልል ውስጥ ላለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም ዋና ከተማው ናት። ዞኑን በምሥራቅ አፋር፥ በሰሜን ደቡብ ወሎ፥ በደቡብ ሰሜን ሸዋ ያዋስኑታል፤ አርጎባውም ጎረቤቱ ነው። ሰኞ ባቲ፥ እሑድ ሰንበቴ ገበያ የወጣ ሰው፥ የፍየሏን ዋጋ በአፋርኛ ሲጠየቅ፥ በኦሮምኛ ሲከራከሩባት፥ በአማርኛ ስምምነት ሲያልቅ በአንድ ጥዋት ያያል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር መግባባትን መማር የቅንጦት ነገር አይደለም፤ የዕለት እንጀራ ነው።

መምህራችን ትምህርቱን የጀመሩልን ከግሪካዊው ፈላስፋ ከአርስጣጣሊስ ነበር። ይህ ሊቅ ከ2,300 ዓመት በፊት፥ ተናጋሪ አድማጩን የሚያሳምነው በሦስት ነገር ነው ብሎ አስተምሯል፤ ይኸውም አንደኛ በራሱ በተናጋሪው ጠባይና ታማኝነት፥ ሁለተኛ የአድማጩን ስሜት በመንካት፥ ሦስተኛ በሚያቀርበው ማስረጃ ነው። ከዚያ ወደ እኛ ዘመን ተሻግረው፥ ክሎድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመውን ጥናት ገለጡልን። እንደ እርሱ አስተያየት መልእክት ከምንጩ ተነሥቶ፥ በማስተላለፊያው አድርጎ፥ በመስመሩ ተጉዞ፥ ወደ ተቀባዩ ይደርሳል፤ በመንገዱ ላይ ግን ሁካታ ገብቶ ሊያበላሸው ይችላል። ልብ ማለት የሚገባን፥ ሻነን የስልክ ድርጅት የምርምር ሠራተኛ ነበረና ያሳሰበው የምልክቱ በደኅና መድረስ እንጂ የቃሉ ትርጉም አልነበረም። ሽቦ አይታዘብም፥ ሽቦ አይቀየምም፤ ሰው ግን ይታዘባል፥ ይቀየማልም።

ስለ ሁካታ ሲነሣ የእኛው ታሪክ ትልቅ ምሳሌ ይሰጠናል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ለመናገር በቆሙ ጊዜ፥ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ሊያውኳቸው ሞከሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከሁካታው ጋር አልተወዳደሩም፤ አዋኪዎቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ድረስ ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያ በኋላ፥ ፈረንሳይኛ እያወቁ፥ የአገራቸውን በደል በአገራቸው ቋንቋ በአማርኛ ተናገሩ። ጉባኤው በተግባር ባይረዳቸውም ንግግሩ እስከ ዛሬ ይታወሳል። ዝምታም የንግግር ክፍል መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ወደ ራሳችን ሥራ ስንመለስ የከበደው ነገር ሌላ ነው። እኛ ትምህርቱን የምንቀበለው በእንግሊዝኛ ነው፤ ደብዳቤያችንን ከክልል ጋር የምንጻጻፈው በአማርኛ ነው፤ ገበሬውን የምናስረዳው ግን በኦሮምኛ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለየብሔረሰቡ በቋንቋው የመናገርና የመጻፍ መብት ሰጥቷል። መብቱ ግን ሊጠቅም የሚችለው ቋንቋው የሚሸከመው ነገር ግልጽ ሲሆን ነው። በአንድ የገጠር ስብሰባ ላይ ከሩቅ የመጡ ባለሥልጣን «የተቀናጀ የአቅም ግንባታ ማዕቀፍ» እያሉ ረጅም ንግግር ሲያደርጉ፥ አስተርጓሚው ላብ በላብ ሆኖ በሁለት ዐረፍተ ነገር ሲጨርሰው ተመልክተናል። በዚያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከዛፉ ሥር ተነሥተው፥ «ልጆቼ፥ መምጣታችሁ ደግ ነው፤ ግን ምን አድርጉ ነው የምትሉን?» አሉ። ይህ ጥያቄ በማናቸውም የንግግር መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሊጻፍ የሚገባው ነው።

በክፍላችን ደግሞ እያንዳንዳችን የአምስት ደቂቃ ንግግር እንድናቀርብ ታዘዝን። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የሆነች የክፍላችን ተማሪ፥ እናቶች በጤና ጣቢያ እንዲወልዱ የሚመክር ንግግር አዘጋጅታ፥ ለቀበሌዋ ሴቶች እንደምትናገር አድርጋ አቀረበችው። ነገር ግን ስለ ልጆቹ፥ ስለ ከብቱ፥ ስለ ዝናቡ ደኅንነት ስትጠይቅ ከአምስቱ ሁለቱ ደቂቃ በሰላምታ አለቀ። መምህራችን፥ «እኅቴ፥ መግቢያሽ ረዝሟል፤ ሰላምታውን ብታሳጥሪው ፍሬ ነገሩ ይሰፋልሻል» አሏት። እርስዋም በትሕትና፥ «መምህር፥ ሰላምታውን ካሳጠርኩት ፍሬ ነገሩን የሚሰማኝ አላገኝም፤ ልጇን ያልጠየቅኋት ሴት ስለ ልጇ አትሰማኝም» ብላ መለሰች። ክፍሉ በሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ሰዓት ማክበርን ደገፈ፤ ገሚሱ ለአገር ልማድ ተከራከረ። መምህሩም ጥቂት አሰቡና፥ የሰዓቱን ነጥብ ቀንሰው የአድማጭን ነጥብ በሙሉ ሰጧት። ፍርዱ ትክክል ይመስለናል። ሰላምታዋ አርስጣጣሊስ የተናጋሪ ታማኝነት ያለውን የምትገነባበት መሠረት ነበርና።

ይህንን ካየን በኋላ በመጽሐፉ ያለውን በአገራችን ካለው ጋር እያስተያየን መማር ጀመርን። ጎረቤቶቻችን አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ወሬ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም፤ አንዱ ሲናገር ሌላው በጽሞና ያዳምጣል፤ ያየውን አየሁ፥ የሰማውን ሰማሁ ብሎ ይለያል፤ ሐሰት ጨምሮ የተገኘ ደግሞ በጎሣው ፊት ይዋረዳል። በወሎ ምድር ደም የተቃቡትን የሚያስታርቁት አበጋሮችም አንደኛውን ወገን ብቻ ሰምተው አይፈርዱም። የቡናው ሥርዓት እንኳ ከአቦል እስከ በረካ ሰው ተራ ጠብቆ እንዲናገር የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ጆሮ ከአፍ ቀድሞ ይገኛል።

ይህ ጉዳይ ለፈተና ነጥብ ብቻ የሚነሣ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በዞናችንና በአጎራባቾቹ የሰሜን ሸዋ ወረዳዎች በደረሰው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፥ ቤት ተቃጥሏል፥ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል። ስለ ጥፋቱ ምክንያት መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ነገር ግን በዚያ ሰሞን ወሬ ከመኪና ቀድሞ ከመንደር መንደር ይሮጥ እንደ ነበረ፥ «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ብሎ የሚጠይቅም እንዳነሰ በዓይናችን አይተናል። ያችን አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ የታገሠ ሰው በነበረበት ስፍራ ቤተሰብ ከመሸሽ ተርፎ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር አብሮ አድሯል። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ሲሉ አባቶች የተናገሩት ለዚህ ነው፤ ቃል አንድ ጊዜ ካመለጠ ተራራ ወጥቶ ይታያል እንጂ አይመለስም።

እንግዲህ በሥራ ላይ ያለን ሁሉ ስብሰባ ከመጥራታችን በፊት፥ ከስብሰባው የሚመለሰው ገበሬ ለሚስቱ ምን ብሎ ይነግራታል ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። አስተርጓሚ የሚያስፈልገን ከሆነ ንግግሩን ቀድመን እንስጠው እንጂ በሕዝብ ፊት አናስጨንቀው። መምህራን ደግሞ ተማሪውን እንዲናገር ሲያለማምዱ፥ የተናገረውን ሰው ቃል ሳያጎድልና ሳይጨምር መልሶ እንዲናገርም ያለማምዱት፤ ይህ ፈተና ከመናገር ፈተና ይከብዳልና። ተማሪውም ቢሆን ትምህርቱን ለነጥብ መያዣ ብቻ አያድርገው። አንደበተ ርቱዕ ሰው በአገራችን ዱሮም ዛሬም አልታጣም። አገራችን አብዝታ የምትሻው፥ ሌላውን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ከዚያ በኋላ አፉን የሚከፍተውን ሰው ነው።