ወሰኑ ከየት እስከ የት ነው?

አባቴ ስለ አውሮፕላን ማውጋት ሲጀምር አስቀድሞ የሚያነሣው አራዳ ጊዮርጊስን ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ሲነግሡ እርሱ ገና ልጅ ነበርና፣ ከሰልፉ ይልቅ በላዩ የሚያንዣብቡትን አውሮፕላኖች አንጋጦ ሲመለከት ዋለ። «ሰው ሁሉ ዘውዱን ለማየት ይጋፋል፣ እኔ ሰማይ ሰማይ አያለሁ» ይለን ነበር።

ይህን ወግ ያስታወሰኝ በጥር 2016 ዓ.ም. የተሰማው የ«ፀሐይ» መመለስ ነው። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር የነደፋት፣ በ1928 ዓ.ም. በአገራችን ተሠርታ የበረረችው፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም የተጠራችው ይህች ትንሽ አውሮፕላን በፋሺስት ወራሪ ተዘርፋ በኢጣልያ በቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ለብዙ ዘመን ተቀምጣ ነበር። ዜናውን በሰማሁ ጊዜ፣ አልደብቅም፣ ዕንባዬ መጣ።

ዳሩ ግን አውሮፕላኗ ስትመለስ ሜዳውስ? ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. «ንሥረ ተፈሪ» የተባለው ፖቴዝ በፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ አብራሪነት ገፈርሳ ላይ አረፈ። ዛሬ ገፈርሳ ሲባል የአዲስ አበባ ሰው ትዝ የሚለው የሚጠጣው ውኃ ነው። ቦሌ በ1950ዎቹ እስኪከፈት ድረስ የአየር መንገዳችን መነሻና መድረሻ የነበረው የልደታ ሜዳም «አሮጌው ኤርፖርት» የሚል የሰፈር ስም ብቻ አትርፏል።

በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት ዴይተን ከተማ፣ ለራይት ወንድማማቾች የተከለለው ብሔራዊ የታሪክ ፓርክ አንድ አዳራሽ አይደለም። በ1985 ዓ.ም. ሲቋቋም የብስክሌት ሱቃቸውንና በረራ የተለማመዱበትን የሐፍማን ሜዳ አንድ ላይ ያዘ፤ በ2001 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ደግሞ ወሰኑ ሰፍቶ የኦርቪል መኖሪያ ቤትና ፋብሪካቸው ተጨመሩ። ገፈርሳንና ልደታን እንዲህ የሚያስተሳስር ክልል እኛም ብናበጅ ምን ይከፋል? አውሮፕላን ያለ ሜዳው ግማሽ ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን በጻፍኩ እጄ ግን «ወሰን ይስፋ» ለማለት ያመነታሁበት ምክንያት አለኝ። «ፀሐይ» በተመለሰችበት በዚያው ዓመት ፒያሳ የተወለድኩበት ቤት ግድግዳ ላይ ምልክት ተቀባ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ቤቱ ፈረሰ። እኅቴ ዕቃዋን ጭና ከከተማው ዳር ገባች። ካርታ ላይ የሚሰመር መስመር ስንት ጓዳ አቋርጦ እንደሚያልፍ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የምመኘው ክልል አጥር የሌለው፣ ማንንም የማያስነሣ፣ ድንጋይ ተተክሎ ስምና ቀን የሚቀረጽበት ነው።

ባለፈው ጥቅምት እኅቴን ይዤ ገፈርሳ ወረድኩ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ብንጠይቀው ስለ አውሮፕላን ሰምቶ አያውቅም፤ ይልቁንም የትኛው ላም እንደጠፋችብን ጠየቀን። እኅቴ ሣቀች። ቀጥላም «ታዲያ የት ጋ ነው ያረፈው?» አለችኝ። እኔም የማሳየው ምልክት ባጣ፣ ሜዳውንም ውኃውንም እንዳለ በእጄ አሳየኋት።