አፍንጫና ሎሚ

ሁዳዴ በገባ ቁጥር ቤታችን ክርክር ይነሳል፤ ዓሣ ይበላል፣ አይበላም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ ትኩስ ነው ወይ? የጣና ዓሣ ከባሕር ዳር ተነስቶ ደብረ ማርቆስ ለመድረስ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ሙሉውን ከመጣ ዓይኑን አያለሁ፣ ስንጥቡን ገልጬ ቅላቱን አያለሁ። ፊሌቶ ግን ዓይንም ስንጥብም የለው።

ቀለም የሚቀይር ስስ ልባስ ተሠራ ሲባል ጆሮዬ የቆመው ለዚህ ነው። የቀይ ጥቅል ጎመን ቀለም፣ አንቶሲያኒን የሚሉት፣ ከስታርች ጋር ተደባልቆ እንደ ላስቲክ ስስ ሆኖ ይደርቃል፤ ከዚያ ማሸጊያው ውስጥ ይገባል። ዓሣ ሲበላሽ አሞኒያና መሰሎቹ ይተናሉ፤ ልባሱም ከሐምራዊ ወደ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ስታርቹ ከድንችም ይወጣል፤ ድንች ደግሞ ጎጃም መች ጠፍቶ!

የጎመኑን ውኃ ቤት ሞከርኩት። ሳሙና ሲነካው ወደ አረንጓዴ አደላ፣ ሎሚ ስጨምቅበት ቀላ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሎሚ የዓሣን ሽታ የሚቀንሰው አሲዱ እነዚያን ተናኞች ይዞ ስለሚያስቀራቸው ነው። ሎሚ የታሸ ፊሌቶ እንግዲህ አፍንጫዬን ብቻ ሳይሆን ልባሱንም ዝም ሊያሰኝ ይችላል። ልባሱ መግባት ያለበት ዓሣው ሲታሸግ፣ እዚያው ጣና ዳር ነው፤ ሱቅ ከደረሰ በኋላማ ሎሚው ቀድሞታል።