ሥጋ እያበላሁ ያስራብኩት ውሻ

እገታ የሰፈር ወሬ ሆኖ በከረመበት ሰሞን፣ እኔም እንደ ብዙው የጎንደር ሰው ለግቢዬ ጠባቂ ፈለግሁ። «የፈረንጅ ዘር አለበት» የተባለ የሁለት ወር ቡችላ ገዝቼ ቁስቋም ወዳለው ቤታችን አመጣሁ። ስሙን መብረቅ አልነው።

አልሰሰትኩበትም። ሰው ለልጆቹ ግማሽ ኪሎ ሥጋ መግዛት በከበደው ዘመን ይህን መናገር ያሳፍራል፤ ግን ከሥጋ ቤት ቀይ ሥጋ፣ ያውም አጥንቱን አስለይቼ ነበር የማመጣለት። አጥንት ያንቀዋል፣ እንጀራ ሆዱን ይነፋዋል ብዬ። ጎረቤታችን እማማ አንድ ቀን አይተውኝ «ልጄ፣ አጥንት የማይግጥ ውሻ ደግሞ የት አገር ነው ያየኸው?» አሉኝ። ሳቅሁባቸው።

ኅዳር 6 የቁስቋም ዕለት እንግዳ ሞልቶ ሳለ ነው ነገሩ የታየው። የመብረቅ የፊት እግሮች ወደ ውጭ ጎብጠዋል። ደረጃ አልወጣ አለ፣ ሲያነሡት ያለቅሳል። አንዱ ብርድ ነው፣ ሌላው ዓይን ነው አለ። የእማማ ውሻ በበኩሉ ከድግሱ የተረፈውን አጥንት ይዞ የድንጋይ ካቡን ዘሎ ሄደ።

የእንስሳት ሐኪሙ ገና እግሩን ሳይነካ «ምን ይበላል?» አለኝ። «ሥጋ ብቻ!» አልኩ፣ ኮራ ብዬ። «እሱ ነዋ!» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀይ ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶታል፣ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ለውሻ ሁለቱ ቢያንስ እኩል፣ ቢበዛ ካልሲየሙ እጥፍ መሆን አለበት። በሥጋ ውስጥ ግን ፎስፈረሱ ካልሲየሙን ከ15 ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ከጎደለ ደግሞ ልብም ጡንቻም ስለማይሠራ፣ አንገት ላይ ያሉት ፓራታይሮይድ የተባሉ ትንንሽ ዕጢዎች ከአጥንት እየቀነሱ ወደ ደም እንዲገባ ያዝዛሉ። ቡችላው ይወፍራል፣ ጸጉሩ ያበራል፣ አጥንቱ ግን ከውስጥ ይሳሳል። እኔ «እንዴት አማረበት!» ስል የሰነበትኩት ይህን ነው።

ይበልጥ የገረመኝ የናቅሁት እንጀራ ነው። ጤፍ ከእህል ሁሉ በካልሲየም ከሚጠቀሱት አንዱ ነው፤ ከቀይ ሥጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እርግጥ በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገር ዚንክንና ብረትን አስሮ ይይዛል፤ ሊጡ ሲቦካ ግን ከፊሉ ይፈታል። እንጀራ ብቻውን የበላ ውሻም አይድንም፤ ዚንክ ሲጎድለው በዓይኑና በአፉ ዙሪያ ቆዳው ይቀረፍፋል። በጾም ወራት ከቤተሰቡ ጋር አብሮ የሚጾመውን የሰፈራችንን ውሻ ልብ ብላችሁ እዩት። (ወጡን ግን አትስጡት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል።)

«ታዲያ ካልሲየም ልጨምርለት» ብዬ ስነሳ ሐኪሙ ያዘኝ። የአንድ እንቁላል ቅርፊት ወደ 2 ግራም ካልሲየም አለው፤ ቀቅሎ፣ አድርቆ፣ ፈጭቶ መስጠት ይቻላል፣ ግን በልክ። ትልቅ የሚሆን ዘር ቡችላ የተረፈውን ካልሲየም በሚገባ መመለስ አይችልም፣ ከሚያስፈልገው በላይ ይመጥጣል፤ ሲበዛም አጥንቱ ይጣመማል። ከውጭ የሚመጣውን የውሻ ምግብ መግዛት የቻለ ሰውም ከረጢቱ ላይ «ለቡችላ» መባሉንና የሁለቱን ማዕድናት መጠን ያንብብ። ለአሮጌ ውሻ የተሠራውን ለቡችላ መስጠት ያው የኔ ስህተት ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ቡችላውን በዚያ ሁሉ ብር የሸጠልኝ ሰው ስለ ምግቡ አንዲት ቃል አለመተንፈሱ ነው። እኔም አልጠየቅሁም።

መብረቅ ሳምንታት ሳይዘልል፣ ሳይሮጥ፣ እንጀራም ሥጋም የተፈጨ ቅርፊትም እየበላ ከረመ። አሁን ይሄዳል። የቀኝ የፊት እግሩ ግን አልተቃናም፤ በሐኪሙ አባባል እንደዚያው ይቀራል። ማታ ጅብ ሲጮኽ በሩ ድረስ እያነከሰ ይሄድና ይጮኻል፤ ካቡን ዘሎ የሚወጣው የእማማ ውሻ ነው።